የማኅበራዊ ጭንቀት ሕመም እና ለረጅም ጊዜ የተወሰደን መድኃኒት ስለማቆም

ማኅበራዊ ጭንቀት ሰው በሌሎች ፊት በሚሆንበት ጊዜ የሚነሣ፣ ከመጠን ያለፈና ዕለታዊ ኑሮን የሚያውክ የፍርሃት ሕመም ነው። ታማሚው ሰዎች ይታዘቡኛል፣ እዋረዳለሁ ብሎ አብዝቶ ይሰጋል፤ ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። ስሜቱ የሚገለጠው በንግግር መድረክ ላይ ብቻ አይደለም። ለቅሶ ቤት ገብቶ መቀመጥ፣ ከብዙ ሰው ጋር ከአንድ ትሪ መብላት፣ በእንግዳ ፊት ቡና መቅዳት፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት መስኮት ላይ ቆሞ ጉዳይን ማስረዳት ለአንዳንዶች ቀናት የሚያስጨንቅ ፈተና ነው።

በማኅበረሰባችን ዝምታ እንደ ጨዋነት ስለሚቆጠር ሕመሙ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቆያል። ይሉኝታና ዓይን አፋርነት በራሳቸው ሕመም አይደሉም። ልዩነቱ የሚለካው ሰውየው በፍርሃቱ ምክንያት በተወው ነገር ነው፦ ያቋረጠው ትምህርት፣ ያልተቀበለው ሥራ፣ የቀረበት እድር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰዎች የተለያዩ የጭንቀት ሕመሞች ነበሩባቸው፤ ሕክምና የሚያገኙት ግን ከአራት ሰዎች አንዱ ያህል ብቻ ናቸው።

ሕክምናው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የንግግር ሕክምና ሲሆን፣ ታካሚው የሚፈራውን ሁኔታ ከቀላሉ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲለማመድ ይረዳል። ሁለተኛው እንደ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች ናቸው። እነዚህ ውጤታቸው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ በመሆኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተስፋ ቆርጦ መተው አይገባም።

ለዓመታት መድኃኒት የወሰደና የተሻለው ሰው ለማቆም ማሰቡ ተገቢ ጥያቄ ነው። ትዳር፣ እርግዝና፣ የመድኃኒት ወጪ፣ የጎንዮሽ ጉዳት ወይም “እስከ መቼ?” የሚለው የራስ ጥያቄ መነሻ ሊሆን ይችላል። ጥያቄውን ከሐኪም መደበቅ ግን አደጋ አለው፤ ሐኪሙን ሳያማክሩ በአንድ ቀን የሚያቆሙ ታካሚዎች ለጉዳት ይጋለጣሉ። በተለይ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመጸነስ ያሰበች ታካሚ መድኃኒቱን በራሷ ከማቋረጧ አስቀድማ ሐኪሟን ማነጋገር ይኖርባታል።

በመደበኛ አሠራር ታካሚው ከተሻለው በኋላ ቢያንስ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ሕክምናውን ይቀጥላል። የማቆሚያው ጊዜም ይመረጣል፤ የፈተና ሰሞን፣ የሐዘን ወቅት ወይም አዲስ ሥራ የተጀመረበት ወር አይመከርም። መጠኑ የሚቀነሰው ጥቂት በጥቂት፣ በሳምንታት አንዳንዴም በወራት ውስጥ ነው። ለብዙ ዓመታት ለወሰደ ሰው ቅነሳው ይበልጥ ይዘገያል፤ የመጨረሻዎቹ አነስተኛ መጠኖች ደግሞ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሹ ናቸው። አንድ ቀን ወስዶ አንድ ቀን መዝለል እንደ ቅነሳ አይቆጠርም።

በቅነሳው ወቅት ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ ብስጭት፣ አንዳንዴም በጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት ያለ ስሜት ሊከሰት ይችላል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ሕመሙ ተመለሰ ብለው ይደነግጣሉ። የማቋረጥ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ መጠኑ በተቀነሰ በቀናት ውስጥ ይጀምራል፤ ቀድሞ ያልነበሩ አካላዊ ስሜቶችንም ያመጣል። የሕመሙ መመለስ ግን በአመዛኙ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ቀስ እያለ የሚታይ ሲሆን፣ የቀድሞው ፍርሃትና ከሰው መሸሽ ራሱ ነው። ሁለቱን ለመለየት ቀኑንና ስሜቱን በማስታወሻ መያዝ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው።

ዲያዜፓምና መሰሎቹ ለብቻቸው መታየት አለባቸው። ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ሱስ ያስይዛሉ፤ በድንገት ሲቆሙም የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያስከትሉ ይችላሉ። የልብ ምትን ለማብረድ የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎልም በየቀኑ ሲወሰድ ከቆየ በድንገት አይቆምም። አረቄ በመጠጣት ፍርሃትን ማስታገስ፣ ወይም ጫትና ቡና ማብዛት ቅነሳውን ያከብደዋል።

ሌላው በጉለሌ ነዋሪዎች ዘንድ የሚነሣው ጉዳይ ጠበል ነው። ወደ እንጦጦ ጠበል የሚሄዱ አንዳንድ ታማሚዎች መድኃኒት መውሰድ የእምነት ጉድለት ይመስላቸዋል። ይሁንና በ1990ዎቹ መጨረሻ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን በተመለከተ ተመሳሳይ ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑ በይፋ አስታውቀው ነበር። ጾም የሚጾም ታካሚም የመውሰጃ ሰዓቱን ከባለሙያ ጋር ተነጋግሮ ማስተካከል ይችላል።

በክፍለ ከተማው አገልግሎት ፈላጊዎች አስቀድመው የሚሄዱት በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት መያዝ አለባቸው። በጉለሌ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ሲሆን፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ደግሞ በዘርፉ ልዩ ሕክምና ይሰጣል። ታካሚው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ይዞ ቢቀርብ የቅነሳውን ዕቅድ ማውጣት ይቀላል። መድኃኒቱ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ማስሞላትም ያስፈልጋል፤ ከፋርማሲ በመጥፋቱ ምክንያት የሚመጣ መቋረጥም እንደ ድንገተኛ ማቆም ጉዳት አለው። በቅነሳው መካከል ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ፣ በማንኛውም ሰዓት በአቅራቢያ ወደሚገኝ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይገባል፤ ቤተሰብም ታካሚውን ብቻውን መተው የለበትም።