ዘረመል ዝም ሲሰኝ የጨጓራ ካንሰር ሴል ምን ይሆናል?

የሻርጃ ዩኒቨርሲቲ፣ የዱባዩ መሐመድ ቢን ራሺድ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ እንዲሁም የአጅማኑ ገልፍ ሜዲካል ዩኒቨርሲቲ ካንሰርን ከሚያጠኑ የአገሪቱ ተቋማት መካከል ይገኛሉ። በዚህ ዘርፍ በዓለም ዙሪያ ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ ዘረመልን ዝም ማሰኘት ነው።

ሴል ፕሮቲን የሚሠራው የዘረመሉን ትእዛዝ በቅድሚያ ወደ አር ኤን ኤ ገልብጦ ነው። ተመራማሪው ከዚህ ግልባጭ ጋር በልክ የሚገጥም፣ 21 ያህል ፊደላት ብቻ ያሉት አጭር አር ኤን ኤ ያስገባል፤ ሴሉም በገዛ ኢንዛይሙ ግልባጩን ይቆርጠዋል። ዘረመሉ በቦታው አለ፤ ትእዛዙ ግን አይደርስም። አንድሩ ፋየርና ክሬግ ሜሎ ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1998 በጥቃቅን ትሎች ላይ አሳይተው በ2006 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

በአንዳንድ የጨጓራ ዕጢዎች ውስጥ ሄር2 የተባለው ዘረመል ከልክ በላይ ይበዛል፤ ፕሮቲኑም ሴሉ ያለማቋረጥ እንዲባዛ ይገፋፋዋል። ይህ ዘረመል ዝም ሲሰኝ በእሱ ላይ የተመረኮዙት ሴሎች መባዛታቸው ይቀንሳል፤ ከፊሎቹም ይሞታሉ። በሲዲኤች1 ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ይህ ዘረመል ሴሎችን እርስ በርስ አጣብቆ ስለሚይዝ፣ ሥራውን ሲያቆም ካንሰሩ እንዲዛመት መንገድ ይከፈትለታል፤ ተበላሽቶ በውርስ ሲተላለፍም በቤተሰብ ውስጥ ለሚታይ የጨጓራ ካንሰር ያጋልጣል። ስለዚህ የቱን ዘረመል ዝም ማሰኘት እንደሚገባ መለየት ከዘዴው የበለጠ ከባድ ነው።

ውጤቱም በጥንቃቄ ይነበባል። ሴሎቹን የገደለው አር ኤን ኤውን ለማስገባት የዋለው ኬሚካል ሊሆን ስለሚችል፣ የትኛውንም ዘረመል የማይነካ አር ኤን ኤ የተሰጣቸው ሴሎች ለማነጻጸሪያ ጎን ለጎን ይታያሉ። ሴሎች በተከፋፈሉ ቁጥር አጭሩ አር ኤን ኤ ስለሚሳሳ ደግሞ ዝምታው ብዙ ጊዜ ከጥቂት ቀናት አያልፍም።

«የካንሰር መድኃኒት ተገኘ» የሚሉ ርዕሶች ዘለው የሚያልፉት ይህንን ነው። በዚህ ዘዴ የሚሠራው የመጀመሪያው መድኃኒት ፓቲሲራን እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ሲፈቀድ ዒላማው ጉበት ነበር፤ በደም የሚገባው መድኃኒት በቀላሉ የሚደርሰው ወደዚያ ነውና። ወደ ጨጓራ ዕጢ ማድረሱ ገና አልተፈታም።

እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ወደ 970 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በጨጓራ ካንሰር ተይዘዋል። ለበሽታው ዋነኛ መንስኤ የሆነው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ባክቴሪያ በኢትዮጵያም በስፋት ይገኛል፤ በትንፋሽ ወይም በሰገራ ምርመራ ይለያል፣ በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችም ይታከማል።