በጥቁር ባሕር ዳር ስለሚገኙ የትራክያ ሰዎች ፍርስራሾች

ዛሬ ቡልጋርያ በሚባለው አገር፣ ደግሞም በግሪክና በቱርክ አገር አንዳንድ ክፍል፣ በጥንት ዘመን ትራክያውያን የሚባሉ ሰዎች ይኖሩ ነበር። የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ስለ እነርሱ ጽፏል። ከሕንድ ሰዎች በቀር በቍጥር የሚበልጣቸው ሕዝብ የለም፤ ባንድ ንጉሥ ቢገዙ ወይም ባንድ ልብ ቢመክሩ የሚያሸንፋቸው አይገኝም ነበር፤ ነገር ግን መስማማት ስለማይሆንላቸው ደካሞች ናቸው ይላል። እነርሱ ራሳቸው ስለ ራሳቸው የጻፉት መጽሐፍ ግን የለም። ፈረስ መግራት፣ ወርቅና ብር መሥራት፣ ለነገሥታታቸውም እንደ ኮረብታ ያለ የመቃብር ጕብታ መከመር ያውቁ ነበር፤ የራሳቸው ፊደል ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ ነገራቸውን ለማወቅ የሚወድ ሰው ወይ የጎረቤቶቻቸውን መጽሐፍ ያነባል፣ ወይ ወደ ፍርስራሻቸው ይሄዳል።

በቡልጋርያ ባሕር ዳር ማልዶ የተነሣ መንገደኛ ብዙውን ባንድ ቀን ሊያይ ይችላል። አስቀድሞ የሚያገኘው ነሰባር የሚባለው ከተማ ነው። አሮጌው ከተማ በባሕር ተከቦ፣ በቀጭን የምድር አንገት ብቻ ከየብሱ ጋር ተያይዟል። የጥንት ስሙ መሰምብርያ ነበረ። ስትራቦን የሚባለው የምድር ነገር ጸሐፊ ስሙን ሲተረጕም፣ ከተማውን ያቀናው ሰው ሜናስ ይባል ነበር፤ «ብርያ» ማለትም በትራክያ ቋንቋ ከተማ ማለት ነው ይላል። አንድ ታላቅ ሕዝብ ከተናገረው ቋንቋ እንዲህ ያለ ጥቂት ቃል ብቻ፣ እርሱም በሌላ ሰው መጽሐፍ፣ መትረፉ ያሳዝናል። በኋላ በ6ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ግሪኮች ከመጋራ በመርከብ መጥተው በዚያ ተቀመጡ። የጥንቱ ቅጥር ፍራሽ ዛሬም በመግቢያው አጠገብ ይታያል፤ ከጥንቱ ከተማ ግን ከፊሉን ባሕር ውጦታል። በበሩ አጠገብ ያለው ቤተ መዘክር የሸክላ ዕቃና ጽሕፈት ያለበት ድንጋይ ይዟል።

ከዚያ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ቡርጋስ የምትባል የወደብ ከተማ አለች፤ እርስዋም ቤተ መዘክር አላት። ከእርስዋ አልፎ ሶዞፖል ይገኛል። ይህን ከተማ የሚሌጦስ ግሪኮች አቅንተው ለጣዖታቸው ለአጵሎን ሰጡትና አጵሎንያ አሉት። ቁመቱ 30 ክንድ የሆነ የአጵሎን ምስል በናስ አሠርተው አቆሙ። የሮም ጦር አለቃ ሉኩሉስ ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ72 ዓመት ገደማ ከተማውን ይዞ ምስሉን ወደ ሮም ወሰደው። የከተማው ሰዎች ይጠብቀናል ያሉት ምስል ራሱን ሊጠብቅ አልቻለም። በቤተ መዘክሩ ውስጥ ግን መርከበኞች የተዉአቸው ተራ የድንጋይ መልሕቆች እስከ ዛሬ አሉ።

ከሶዞፖል በስተ ደቡብ፣ በፕሪሞርስኮ አጠገብ፣ በዱር መካከል በግሊክ ታሽ የሚባል ስፍራ አለ። ታላላቅ ቋጥኞች ቆመዋል፤ በላያቸውም በሰው እጅ የተፈለፈለ ጕድጓድና ቦይ ይታያል። ትራክያውያን በዚያ ያመልኩ ነበር።

በዚያው ባሕር ዳር ወደ ቱርክ አገር ሲታለፍ፣ ጥንት ሳልሙዴሶስ የተባለው ጠረፍ ይገኛል። ክሴኖፎን የሚባል ግሪካዊ ወታደር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ400 ዓመት ገደማ በዚያ አልፎ ያየውን ጽፏል። ባሕሩ ጥልቅ ስላይደለ ብዙ መርከብ በአሸዋው ላይ ይሰበር ነበር። የአገሩም ሰዎች የድንበር ድንጋይ ተክለው፣ እያንዳንዱ ወገን በድንበሩ የወደቀውን መርከብ ይዘርፍ ነበር፤ ድንጋዩ ሳይተከል በፊት ግን በምርኮው እየተጣሉ ይገዳደሉ ነበር ይባላል። በዚያ ከተገኘው ዕቃ መካከል አልጋ፣ ሣጥንና ብዙ የተጻፈ መጽሐፍ ነበረ። አልጋው ለመኝታ፣ ሣጥኑም ለዕቃ ማኖሪያ ይጠቅማል፤ መጽሐፉ ግን ማንበብ ለማያውቅ ሰው ምን ይሆነዋል?

አንዳንድ ትራክያውያን ግን የግሪክን ፊደል ተውሰው በቋንቋቸው ጥቂት ጽፈዋል። በ1912 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ ከባሕር ርቆ በሚገኘው በኤዜሮቮ መንደር አንድ የወርቅ ቀለበት ተገኘ፤ 61 ፊደል ተቀርጾበታል። ዛሬ በሶፍያ ከተማ በቤተ መዘክር ተቀምጧል። ቃሉ ከቃል ሳይለይ ተያይዞ ስለ ተጻፈ፣ ሊቃውንት እያንዳንዱ በየበኩሉ ሲፈታው፣ አንዱ ከሌላው ሳይስማማ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። የግሪክን ፊደል የተማረ ልጅ ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሊያነበው ይችላል፤ ንባቡ አለ፣ ትርጓሜው ግን ጠፍቷል።