መኪናውን ከፍ የሚያደርግ መሪውንም ያስብ

ሞላው ወይም ባሌስትራው ተቀይሮ ከፍ ያለ ላንድክሩዘር ወይም ደብል ጋቢና ሀይሉክስ የገዢን ዓይን ይስባል። ደላላም አስቀድሞ የሚያነሣው ይህንኑ ነው። መሪው የሚታሰበው ግን ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ከተከፈለና መኪናው አስፋልት ላይ መዋለል ከጀመረ በኋላ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሻንሲው ሲነሣ የመሪው ሳጥን አብሮት ይነሣል፤ ጎማው ግን ከመሬት አይለቅም። ሁለቱን የሚያገናኘው ዘንግ ይዘቀዝቃል። እንዲህ የተዘቀዘቀ ዘንግ ጎማው ጉድጓድ በመታ ቁጥር ይስባል ወይም ይገፋል፤ ሹፌሩ መሪውን ሳይነካ መኪናው አቅጣጫ ይለውጣል።

የሚገዛው ዕቃ በፊት እግሩ አሠራር ይወሰናል። ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ የፊት ባሌስትራው በሞላ የተተካው 78 እና 79 ላንድክሩዘር የፊት አክስሉ አንድ ወጥ ነው። አክስሉን በጎን የሚይዘው ፓናርድ ሮድ ከመሪው ዘንግ ጋር እኩል መዝቀዝቀዝ አለበት። አንዱን አስተካክሎ ሌላውን መተው ችግሩን ያብሳል። መኪናው ከፍ ሲል አክስሉ ወደ ጎን ስለሚሸሽ ርዝመቱ የሚስተካከል ፓናርድ ሮድ ያሻል። ካስተር የሚባለው የጎማ አቋም ስለሚቀንስም መሪው ከኩርባ በኋላ በራሱ ለመመለስ ይሰንፋል። ለዚህ የሚሆነው ቀዳዳው ከመሐል የወጣ ጎሚኒ ነው። በምትኩ የመሪ ሾክ አብዞርበር የሚሸጡ አሉ፤ እሱ መንቀጥቀጡን ይሸፍናል እንጂ አቋሙን አያስተካክልም።

ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ በመጣው ቪጎ ግን የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ። እዚህ የሚጎዱት የታይሮድ ጫፎች፣ የላይኛው ቦል ጆይንትና ጎማ ሽፋኖቻቸው ናቸው። ለከፍታው ተብሎ የተሠራ የላይ አርም ሳይገዛ ሞላ ብቻ መቀየር ቁጠባ አይደለም።

የመለዋወጫ ነጋዴ የሚከስረው በዚህ ላይ ነው። በ1990ዎቹ የነበረው ባለ ባሌስትራ ፎር ዊል ሀይሉክስና ቪጎው ስማቸው አንድ ነው፤ የመሪ ዕቃቸው ግን አይገናኝም። ሶማሌ ተራ ሄዶ «የሀይሉክስ ታይሮድ» ማለት ስለዚህ አይበቃም። ከሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ መሄድ ይገባል።

ሌላም አለ። ለዚህ ሥራ የሚውሉ ዕቃዎች በብዛት የሚሠሩት አውስትራሊያ ውስጥ ነው፤ የዚያ አገር መኪኖች ደግሞ መሪያቸው በቀኝ ነው። የእኛ በግራ ነው። ሾክ አብዞርበሩ ለሁለቱም ሊሆን ይችላል። ፓናርድ ሮድና የመሪ ዘንግ ግን እንደ መስታወት ምስል ተገላቢጦሽ ናቸው። አንዳንዱ ሞላም በሹፌሩ በኩል ያለው ከሌላው ስለሚረዝም ግራና ቀኙን ያዛባል። ስለዚህ አስመጪ ትዕዛዙ ላይ «መሪ በግራ» ብሎ በግልጽ ካላስጻፈ ዕቃው መጋዘን ውስጥ ይቀራል።

የታይሮድ ጫፍ እግሩ ሾጣጣ ነው። ሾጣጣነቱ ከቀዳዳው ጋር ካልገጠመ ዳዶው ይጠብቃል፣ ዕቃው የተቀመጠ ይመስላል፣ በመንገድ ላይ ግን እየተላወሰ ቀዳዳውን ያሰፋል። ማጣሪያው ርካሽ ነው፦ እግሩን ቀለም ቀብቶ መክተትና ማውጣት። ቀለሙ ዙሪያውን ከተነካ ልክ ነው፤ በአንድ ጠርዝ ብቻ ከተነካ ለሻጩ ይመለስ። ጥርሱም ይታይ፤ በአንድ ዘንግ ላይ አንዱ ጫፍ የቀኝ፣ ሌላው የግራ ጥርስ ሊሆን ይችላል። ርዝመት ለመሙላት ተብሎ ጫፉ በጥቂት ጥርስ ብቻ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም።

የተነሣ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው ከሥሩ ገብቶ ይይ። የተበየደ የመሪ ዘንግ ካገኘ ዋጋ ለመከራከር አይቀመጥ፤ ይተወው። ዘንጉ ደህና ከሆነ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ ያዙር፤ ጎማው ወይም ዘንጉ የሚነካው ነገር ካለ ይታያል። የዊል አላይመንት ውጤቱንም በወረቀት ይጠይቅ፤ ወረቀቱ ሞላው ከተቀየረ በኋላ የተሠራ መሆኑን ከቀኑ ያረጋግጥ።