ሸክላው ተመለሰ፣ ባለቤቱስ?

በ1989 እንግሊዝ አገር ውስጥ «ቨርጎ» የሚባል ሸክላ ታተመ። ሙዚቃውን የሠሩት መርዊን ሳንደርስና ኤሪክ ሉዊስ የተባሉ ሁለት የቺካጎ ልጆች ናቸው። ጩኸት የለበትም። የድራም ማሽኑ ሳይቸኩል ይመታል፣ ኪቦርዱ ከላይ ቀዝቀዝ ብሎ ይፈስሳል፣ አልፎ አልፎ ደግሞ አንድ ሰው ለራሱ የሚያወራ በሚመስል ድምፅ ጥቂት ቃላት ጣል ያደርጋል። ያኔ ብዙ ሰው አልገዛውም። እያደር ግን ያገኘው የማይለቀው፣ ያጣው በውድ ዋጋ የሚያሳድደው ሸክላ ሆነ። በ2010 ረሽ አወር የተባለው የአምስተርዳም ሙዚቃ ቤት ከሁለቱ ሰዎች ጋር ተስማምቶ እንደገና አሳተመው፤ እኔም የራሴ ቅጂ የኖረኝ ከዚያ ወዲህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለእኔ ትልቁ ነገር ቀጥሎ የመጣው ነው። ሳንደርስና ሉዊስ በወጣትነታቸው የቀዷቸው፣ አንድም አሳታሚ ያላያቸው ብዙ ሥራዎች በእጃቸው ነበሩ። በ2011 እነዚያ ተመርጠው «ሪዘረክሽን» በሚል ርእስ ወጡ። አሳታሚው አሮጌውን ሸክላ ገልብጦ በመሸጥ ብቻ ቢረካ ኖሮ ይህ ሁሉ ሙዚቃ ሳይሰማ ይቀር ነበር። ስለ ዳግም ኅትመት ወሬ በተነሣ ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ባለቤቱ ተገኝቷል ወይ?» የሚሆነው ለዚህ ነው።

ነገሩ ለማያውቀው አንባቢ ትንሽ ወደኋላ ልመለስ። «ቨርጎ» የሚመደብበት ሃውስ የሚባለው ሙዚቃ የተወለደው ቺካጎ ውስጥ ነው። በ1977 ዌርሃውስ በተባለ ጭፈራ ቤት ፍራንኪ ናክልስ የሚባል ዲጄ ሥራ ጀመረ። ወደዚያ የሚመጡት በአብዛኛው ጥቁርና ላቲኖ ወጣቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም የተመሳሳይ ጾታ ፍቅረኞች በመሆናቸው ሌላ ቦታ በር የሚዘጋባቸው። ናክልስ የዲስኮ ሸክላዎችን እየቀጠለ፣ እያስረዘመ፣ ኋላም የድራም ማሽን ምት እየጨመረባቸው ያጫውት ነበር። በጭፈራው መሐል ያደጉ ልጆች ታዲያ «እኛስ ለምን የራሳችንን አንሠራም?» አሉ። ኦርኬስትራ መቅጠሪያ ገንዘብ የላቸውም። ያላቸው ርካሽ መሣሪያ ነው።

የመሣሪያዎቹ ታሪክ ራሱ ይገርመኛል። የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ ቲቢ-303 የምትባል ትንሽ ሣጥን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ አቀረበ። ዓላማው ብቻውን የሚለማመድ ጊታር ተጫዋች ቤዝ የሚያጅብለት ሰው ሲያጣ እሷ እንድታጅበው ነበር። ድምፅዋ ግን ቤዝ ጊታር አልመስል አለ፤ ገዢ ጠፋ፤ በ1984 ምርቷ ቆመ። ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ውስጥ በርካሽ ስትገኝ ፊውቸር የተባለ የቺካጎ ቡድን እጅ ገባች። ልጆቹ ምቱ እየሄደ ቁልፎቿን ወዲያና ወዲህ ሲያዞሩ የሚጮኽ፣ የሚጠማዘዝ፣ ከዚያ በፊት ያልተሰማ ድምፅ ወጣ። በ1987 «አሲድ ትራክስ» ብለው አወጡት፤ አሲድ ሃውስ የተባለው የሙዚቃ ዓይነት በሙሉ ከዚህ ሸክላ የመጣ ነው።

በዲትሮይት ደግሞ ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቨን ሳውንደርሰን በተመሳሳይ መሣሪያዎች ቴክኖን ፈጠሩ። አትኪንስ «ኖ ዩፎስ»ን በ1985፣ ሜይ «ስትሪንግስ ኦፍ ላይፍ»ን በ1987 ያሳተሙት ራሳቸው ባቋቋሟቸው ትንንሽ ማሳተሚያዎች ነው። ከዚያች ከተማ የወጣው ድሬክሲያ የተባለው ጥንድም ከሁሉ ይበልጥ ልቤን ከሚነኩት አንዱ ነው። እኔ በምኖርባት በሮተርዳም ያለው ክሎን የተባለ ሙዚቃ ቤት ሥራዎቻቸውን ከ2011 ጀምሮ በአራት ክፍል አሰባስቦ አወጣ። ከጥንዱ አንዱ ጄምስ ስቲንሰን በ2002 ስለሞተ ይህን አላየም።

እነዚህ ሸክላዎች ለምን ብርቅ ሆኑ? ሲጀመር የታተሙት በትንሽ ቁጥር ነው። የገዟቸውም ዲጄዎች ናቸው፤ ዲጄ ደግሞ ሸክላን ሌሊቱን ሙሉ ያሠራዋል እንጂ መደርደሪያ ላይ አያኖረውም። ሌላም ምክንያት አለ። የቺካጎው ዋና አሳታሚ ትራክስ ባለቤት ላሪ ሸርማን የራሱ ማተሚያ ነበረው፤ ጥሬ ዕቃ ለመቆጠብ አሮጌ ሸክላዎችን እያቀለጠ መልሶ ያትምባቸው እንደነበር የታወቀ ነው። ብዙዎቹ ቅጂዎች ገና ከፋብሪካ ሲወጡ የሚንኮሻኮሹት ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ሙዚቃ ከጥሩ ማስተር (ከዋናው ቅጂ)፣ በንጹሕ ፕላስቲክ እንደገና ሲታተም የተሠራበትን ድምፅ ከ30 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንሰማለን።

የዳግም ኅትመቱ ሥራ ቀረብ ብሎ ላየው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ አንዳንድ ቴፖች ማጣበቂያቸው እርጥበት ስለሚስብ ማጫወቻው ላይ ይጣበቃሉ፣ ይላጣሉም። ስለዚህ ባለሙያው ቴፑን ዝቅተኛ ሙቀት ባለው ምድጃ ውስጥ ለሰዓታት ያደርቀዋል። ከዚያ በኋላ ሳይዘገይ አጫውቶ ይገለብጠዋል። ማስተሩ ከናካቴው ከጠፋ ያለው አማራጭ እጅግ ንጹሑን ኦርጂናል ሸክላ ፈልጎ ከሱ መቅዳት ነው። ቀጥሎ መቅረጫው ይመጣል፦ ለስላሳ ላከር በተቀባ የአሉሚኒየም ሳህን ላይ የጋለ መርፌ ድምፁን እየቆፈረ ይጽፋል። የጭፈራ ሙዚቃ እዚህ ላይ ቀራጩን ያስጨንቃል። ቤዙ ሲበረታ መስመሩ ሰፋ ብሎ መቆፈር አለበት፤ ግራና ቀኝ ከተከፋፈለ የማጫወቻው መርፌ ሊዘል ይችላል። ስለዚህ ቤዙ ወደ መሐል ይሰበሰባል፣ አንድ ገጽ ላይም ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይጫናል። ዲጄዎች 12 ኢንች ሸክላ ላይ አንድ ወይም ሁለት ሙዚቃ ብቻ የሚፈልጉት ለቅንጦት አይደለም።

የተቀረጸው ሳህን ብር ይቀባል፣ በኒኬል ይለበጣል፤ ኒኬሉ ሲላቀቅ የመስመሮቹን ግልባጭ ይዞ ይወጣል። ከሱ የተባዛው ማኅተም መጭመቂያው ላይ ይገጠማል። የጋለው ፕላስቲክ መሐል ላይ ይቀመጣል፣ ማሽኑ ከላይና ከታች ሲጫነው እንደ ቂጣ ይሰፋል፣ በቀዝቃዛ ውኃ ይረጋል፣ ዳር ዳሩ ይከረከማል። ይህ የመጨረሻው ደረጃ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። በፊት ያለው ግን ወራት ይወስዳል። በየካቲት 2020 ካሊፎርኒያ የነበረው አፖሎ ማስተርስ የተባለ ፋብሪካ ሲቃጠል ላከር ሳህን በስፋት የሚያመርት የቀረው አንድ የጃፓን ፋብሪካ ብቻ ነበር፤ ያኔ የመላው ዓለም አሳታሚዎች ምን ያህል እንደተጨነቁ አስታውሳለሁ።

እስካሁን ያልኩት ስለ ዕቃው ነው። የሚያሳስበኝ የገንዘቡ ጉዳይ ነው። ላሪ ሄርድ «ሚስተር ፊንገርስ» በሚል ስም የሠራው «ካን ዩ ፊል ኢት» በ1986 በትራክስ ታተመ። ከሃውስ ሙዚቃዎች ሁሉ ውቡ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። በዓለም ዙሪያ ተደምጧል፣ ተገልብጧል፣ በሌሎች ሥራዎች ውስጥ ገብቷል። ሄርድና ድምፃዊው ሮበርት ኦውንስ ግን የሚገባንን ክፍያ አላገኘንም ብለው በ2020 አሳታሚውን ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ በ2022 በስምምነት ተቋጭቶ የሥራዎቻቸው መብት ወደ እጃቸው ተመለሰ። 36 ዓመት! በዚያው ዓመት ሌሎች የቺካጎ ሙዚቀኞችም ክስ መሠረቱ። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለበትን ሙዚቃ በጥሩ ወረቀትና በከባድ ፕላስቲክ ማሳተም ብቻውን ውለታ አይሆንም።

ከዚህ የባሰው ያለፈቃድ የሚታተመው ነው። ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ሸክላ ላይ ይጫናል፣ ሽፋኑ ይኮረጃል፣ «ብርቅዬ» ተብሎ ይሸጣል። ገዢው የደነዘዘ ድምፅ ያገኛል፣ ሙዚቀኛው ምንም። እኔ ሸክላ ስገዛ መጀመሪያ ጀርባውን አነባለሁ፦ ሙዚቀኛው ተመስግኗል? ድምፁን ለኅትመት ያዘጋጀው ባለሙያ ስም አለ? ከየት እንደተቀዳ ተጽፏል? ከዚያ ብርሃን ላይ ያዝ አድርጌ ከመሐሉ ወረቀት ዙሪያ ያለውን ባዶ ቀለበት አያለሁ፤ ቀራጮች እዚያ ላይ ቁጥርና ምልክታቸውን ይጭራሉ። በዲትሮይት ብዙ ቴክኖ የቀረጸው፣ በ2008 የሞተው ሮን መርፊ «ኤን.ኤስ.ሲ» የሚሉትን ፊደላት ይጽፍ ነበር። እነዚያን ጭረቶች በጣቴ ስነካ የሚሰማኝን ደስታ ለማስረዳት ይከብደኛል።

ይህ ታሪክ የቺካጎና የዲትሮይት ብቻ አይደለም። ቦምቤይ ውስጥ በፊልም ሙዚቃ ይተዳደር የነበረው ቻራንጂት ሲንግ በ1982 እነዚያኑ የሮላንድ መሣሪያዎች ይዞ አሥር ራጋዎችን (ባህላዊ የሕንድ ቅኝቶችን) በዲስኮ ምት ቀዳ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። በ2010 እንደገና ሲታተም ዓለም ጆሮውን ማመን አቃተው፤ ሲንግም በስተርጅናው አውሮፓ መድረክ ላይ ወጣ።

የእኛም ሰው አለ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ከቡድኑ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደው እዚያው ከቀሩ በኋላ፣ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻቸውን ስቱዲዮ ገብተው «ሸሞንሟናዬ»ን ቀዱ። አኮርዲዮኑ የልጅነታቸውን ዜማ ይጫወታል፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩና ድራም ማሽኑ ከሥር ያጅቡታል። ካሴቱ አገር ቤት ተሸጠ፣ ተደመጠ፣ ተረሳ። እሳቸው በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዱ ኖሩ፤ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው፤ ባለቤቱን አፈላልጎ፣ ደውሎ፣ ተስማምቶ በ2013 አሳተመው። ትርፉን ከሙዚቀኞቹ ጋር እኩል እንደሚካፈል በይፋ የሚናገር ሰው ነው። ኃይሉ መርጊያ ወደ መድረክ ተመለሱ፣ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጡ። ሸክላው ከታተመ በኋላ አዲስ ሥራ መወለዱን ልብ በሉልኝ፤ የቺካጎዎቹም የእሳቸውም ታሪክ እዚህ ላይ ይገናኛል።

በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም ብዙ ቤት ውስጥ የዚያ ዘመን ካሴቶች በካርቶን ታጭቀው እንደተቀመጡ አውቃለሁ። አትጣሏቸው። ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ፣ ወደ አንድ ጎን ጠቅልላችሁ አቁሟቸው። ኪቦርዱን ማን እንደተጫወተ፣ የት እንደተቀዳ የሚያውቅ ሰው በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ጻፉበት። ላሳትመው የሚል ሰው ከመጣም መጀመሪያ ወደ ሙዚቀኛው፣ እሱ ከሌለም ወደ ልጆቹ ላኩት።