አንቲቦዲ የሌለው ተዋጊ

ኦይስተር የተባለው ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ምግቡን የሚያገኘው ውኃ እያጣራ ነው። ታዲያ ቪብሪዮን የመሰሉ ባክቴሪያዎችም ከምግቡ ጋር ሰተት ብለው ይገቡበታል። ኦይስተር እንደ ሰው አንቲቦዲ (በሽታ ተከላካይ ፕሮቲን) አያመርትም። እንዴት ይተርፋል?

ምስጢሩ ያለው በዘረ መሉ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነው የፓስፊክ ኦይስተር የዘረ መል ካርታ 28 ሺህ ያህል ዘረ መሎች እንዳሉት አሳይቷል፤ ፕሮቲን የሚሠሩት የሰው ዘረ መሎች እንኳ 20 ሺህ ገደማ ናቸው! ከኦይስተሩ ዘረ መሎች አንዳንዶቹ ወራሪውን በሽፋኑ የሚለዩ ፕሮቲኖችን ይሠራሉ። ወራሪው ሲለይ ሄሞሳይት የሚባሉት የደም ሴሎች ከብበው ይውጡታል። ዲፌንሲን የተባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖች ደግሞ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግድግዳቸውን እንዳይገነቡ ያግዷቸዋል።

ይህ ምሽግ ግን ይደፈራል።

እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በፈረንሳይ የባሕር ዳርቻዎች ለጋ ኦይስተሮች በጅምላ አለቁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት የአሟሟታቸውን ቅደም ተከተል አሳየ፦ መጀመሪያ ከሄርፒስ ወገን የሆነ ቫይረስ ሄሞሳይቶቹን ይይዛል፤ ፀረ ባክቴሪያ ፕሮቲን የሚያመርቱት ዘረ መሎች ይዳከማሉ፤ ከዚያ ባክቴሪያ ሥጋቸውን ይወርራል። ገዳዩ አንድ ሳይሆን ግብረ አበር ያለው ነበር ማለት ነው። ለኦይስተር እንደ ሰው የተለመደውን ክትባት መስጠት ስለማይቻል፣ አርቢዎች ዛሬ በሽታውን የተቋቋሙትን እየመረጡ ያራባሉ።