የኅብረተሰብ ጥናት ለነርስ ሥራ ያለው ጥቅም

(በሬዲዮ ከተነገረ ንግግር)



«በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም» ይላል ያገራችን ተረት። ነገር ግን በሽተኛ የሚደብቀው በሽታውን ብቻ አይደለም፤ ኑሮውንም ይደብቃል። ቍርስ ማጣቱን፣ ብቻውን ማደሩን፣ የመድኀኒቱን ሰዓት የሚያስታውሰው ሰው አለመኖሩን ደፍሮ አይናገርም። የኅብረተሰብ ጥናት፣ ማለት ሶሲዮሎጂ፣ ለነርስ የሚጠቅማት ይህን የተደበቀ ነገር በአክብሮት ጠይቃ እንድትረዳ ነው።

ሶሲዮሎጂ ሰው ከቤተ ሰቡ፣ ከጐረቤቱ፣ ከሃይማኖቱና ከገቢው ጋራ ያለውን ግንኙነት የሚመረምር ትምህርት ነው። ሐኪም በሽታውን መርምሮ መድኀኒት ያዛል፤ ትእዛዙ በበሽተኛው ቤት መፈጸም አለመፈጸሙን ለማወቅ ግን ቅርብ የሆነችው ነርስ ናት።

አሳቡ ላገራችን እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1954 የተቋቋመው የጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ባንድነት ያሠለጥን ነበር። በዚሁ አቈጣጠር በ2009 የተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ነርሶችን ሦስት ወር ያህል አሠልጥኖ ከቤት ወደ ቤት አሠማርቷል፤ በዕቅዱም አንዲት ባለሙያ 500 ያህል ቤተ ሰብ እንድትከታተል ታስቦ ነበር።

አሁን ወደ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ እንመለስ። ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው በወረራው ዘመን ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ስም ነው። ከዚያ ወዲህ ግን መንደሩ የድኻውም የባለሥልጣኑም ሆኖ፣ ብዙ ሰው አንድ ግቢ ተጋርቶ፣ በዕድርና በቡና ተሳስሮ ኖሮበታል። በ2017 ዓ.ም. የሠፈሩ ብዙ ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማይቱ ዳር ተዛወሩ።

ለምሳሌ ያህል የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸውን አንዲት እናት እናስብ። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ይፈጃል፤ ከተቋረጠ በሽታው ሊመለስ፣ መድኀኒቱን ሊለምድ፣ ወደ ሌላም ሰው ሊተላለፍ ይችላል። እኒህ እናት በቀድሞው ግቢያቸው ሳሉ «እትዬ፣ ክኒንዎን ዋጡ?» የምትል ጐረቤት ነበረቻቸው። ወደ አዲሱ ሠፈር ሲሄዱ ጐረቤቲቱ በሌላ አቅጣጫ ሄደች፤ ዕድሩም ተበተነ፤ ጤና ጣቢያው ራቀ። መዝገቡ «ሕክምናዋን አቋረጠች» ብሎ ይጽፋል። የኅብረተሰብን ነገር የተማረች ነርስ ግን ከመፍረድዋ በፊት «ከማን ጋራ ይኖራሉ? ማን ይጠይቅዎታል? የትራንስፖርቱን ገንዘብ ማን ይሰጥዎታል?» ትላለች። ያን ጊዜ ጥፋት የመሰለው ነገር ብቸኝነት ሆኖ ይገኛል፤ መፍትሔውም ቍጣ ሳይሆን በአቅራቢያ የሚከታተል ሰው መፈለግ ነው።

የጾምም ነገር እንዲሁ ነው። ከምግብ ጋራ በጧት ዋጥ የተባለ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ከሆነ ምን ያደርጋል? ነርስዋ ካልጠየቀችው አይነግራትም። ከጠየቀችው ግን ሐኪሙን አማክራ ሰዓቱ የሚለወጥ መሆኑን ትረዳለች፤ እርሱም የንስሐ አባቱን እንዲያነጋግር ትመክረዋለች። ጠበል የሚጠመቀውንም ብትነቅፈው ይሸሻታል፤ መድኀኒቱን ሳይተው እንዲጠመቅ ብትመክረው ግን ይሰማታል።

ይሁን እንጂ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ ትምህርት «የእገሌ ሠፈር ሰው እንዲህ ነው» ብሎ አስቀድሞ ለመፍረድ አይደለም። ጥያቄን ያስተምራል እንጂ መልሱን አይሰጥም፤ መልሱ ያለው በበሽተኛው አፍ ነው። የመድኀኒትንም ቦታ አይወስድም፤ መድኀኒቱ ለታሰበለት ሰው እንዲደርስ መንገድ ይጠርጋል።

ነገሩ ነርሶችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ የዝውውር መዝገብ የምታዘጋጁ፣ ቤት የምትደለድሉ፣ በጀት የምትጽፉ ሁሉ፣ አንድ ሰው ከሠፈሩ ሲነሣ ከጣራው ሌላ አስታማሚውንም ሊያጣ እንደሚችል አስቡ። ጐረቤታሞች ባንድነት ቢሠፍሩ፣ የሕክምና ክትትል ያለበት ሰው መዝገብም ቀድሞት ወደ አዲሱ ጤና ጣቢያ ቢደርስ፣ ወጪው ጥቂት ሲሆን የሚድነው ነፍስ ነው።