ፀሐይ ባለበት አገር የፀሐይ ቪታሚን እጥረት



አገራችን ፀሐይ አልጎደለባትም። ሆኖም ብዙ ልጆቻችን በቪታሚን ዲ እጥረት ይጠቃሉ። አንዱ ትልቅ ምክንያት ከፀሐይ ደብቀን ማሳደጋችን ነው። አራስ ልጅ «ብርድ ይመታዋል፣ የሰው ዐይን ያርፍበታል» ተብሎ ተጠቅልሎ ቤት ውስጥ ይከርማል።

ቪታሚን ዲን ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል። ፀሐይ ሲያገኘን ቆዳችን ውስጥ መሠራት ይጀምርና በጉበትና በኩላሊት በኩል አልፎ ለሥራ ይዘጋጃል። ዋና ጥቅሙ በምግብ ያገኘነውን ካልሲየም አንጀታችን እንዲመጠው ማድረግ ነው። እሱ ከጎደለ የልጅ አጥንት ይለሰልሳል፣ እግሩ ይወላገዳል፣ ጥርስ ማብቀሉና መሄዱ ይዘገያል። ይህ በሽታ ሪኬትስ ይባላል። አዋቂዎችንም ለአጥንት ሕመምና ለጡንቻ መድከም ይዳርጋል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። በአዲስ አበባ ከ5 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ሪኬትስ ያለበት ልጅ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ 13 እጥፍ ገደማ እንደሆነ አሳይቷል። የለሰለሰ የጎድን አጥንት ለመተንፈስ አያግዝምና።

ታዲያ ምን እናድርግ? የእናት ጡት ወተት ለሕፃን ወሳኝ ቢሆንም በውስጡ ያለው ቪታሚን ዲ ጥቂት ነው። ስለዚህ ልጁን ልብሱን አውልቀን፣ ዐይኑን ከልለን፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ለጥቂት ደቂቃ ማሞቅ ይገባል። በመስኮት መስታወት በኩል የምትገባው ፀሐይ ግን ለዚህ አትጠቅምም፤ ቪታሚኑን የሚሠራውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ፀሐይ ማሞቅ ካልተቻለ ጠብታው አለ፤ ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን የተለመደው መጠን በቀን 400 ዩኒት ነው።

ሒጃብ የሚለብሱ እህቶቻችንም ሰው በማያያቸው ግቢ ወይም ሰገነት እጅና እግራቸውን ገልጠው ፀሐይ መሞቅ ይችላሉ። በዐረብ አገር ከቤት ሳይወጡ የሚሠሩ እህቶች ወገባቸውንና እግራቸውን ካመማቸው፣ ሐኪሙን የቪታሚን ዲ የደም ምርመራ ቢጠይቁት መልካም ነው። የእንቁላል አስኳል፣ ጉበትና ቅባት ያለው ዓሣም በመጠኑ ያግዛሉ።

መድኃኒቱን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አብዝቶ መውሰድ አደገኛ ነው። በደም ውስጥ ካልሲየም ከልክ በላይ እንዲጨምር በማድረግ ኩላሊትን ይጎዳል።

በአካባቢያችሁ አራስ ካለች ይህን ንገሯት። አላህ ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን!